እንግዳ የመጣበት መጽሐፍ ቤት

የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ ዓለምነው የገመዱን አንድ ጫፍ ለእታገኘሁ አስይዞ ሌላውን እየጎተተ ወደ ማዶው ግድግዳ ሲሄድ፣ ምን ሊለካ እንደሆነ እንኳ አልጠየቀችውም። «ያዢ» ሲሏት የምትይዝ፣ «አግዢን» ሲሏት የምታግዝ ሴት ናት። ገመዱ ተወጥሮ ዓለምነው ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ኩንታል መቁጠር ሲጀምር ግን ነገሩ ገባትና ጫፉን ለቀቀችው። ገመዱ ተወንጭፎ የሰውየውን ጉልበት ሸነቆጠው።

«ምነው እታገኘሁ?»

«አንተስ ምነው? መጽሐፍ ቤት በኩንታል ይለካል እንዴ?»

ዓለምነው ጉልበቱን እያሻሸ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ክፉ ሰው አይደለም። እታገኘሁ ጠላ በምትሸጥበት ዘመን ከደጇ የማይጠፋ ደንበኛ ስለነበር፣ ሰው በሌለበት ዛሬም «አንተ» ትለዋለች፤ ሰው ሲኖር ደግሞ «ጓድ ሊቀ መንበር» ብላ ታከብረዋለች። እሱም ሁለቱንም ለምዶታል። የመጣበትን ነገር እየተለማመጠ አስረዳት። የቀበሌው ሱቅ መጋዘን ክረምቱን ሙሉ ሲያፈስ ከርሞ ጨው ውሃ ሆኖ በቦይ ሄዷል፤ ስኳሩም ረግቶ በመዶሻ ነው የሚፈለጠው፤ ነዋሪው በየስብሰባው የሚያብጠለጥለው እሱን ነው። እዚህ ደግሞ ጣራው የማያፈስ፣ ወለሉ የደረቀ ቤት አለ፤ ውስጡ ግን ምንም የለም።

ይህን ሲል በአገጩ መደርደሪያውን ጠቆማት። መደርደሪያው እውነትም ባዶ ነበር። ከላይ እስከ ታች ጣውላው ተራቁቶ፣ በታችኛው እርከን ላይ ብቻ ከባሕር ማዶ በሣጥን የመጡት ቀያይ ወፍራም ጥራዞች ተደርድረዋል። እነሱን ከመጡ ጀምሮ የተዋሰ ሰው የለም።

«ነገ ጓድ ዳኛው የሚባል ከጎንደር ይመጣል» አለ ዓለምነው። «መጽሐፍ ቤቶችን እየዞረ የሚቆጣጠር ሰው ነው። መጽሐፍ የለም፣ አንባቢ የለም፤ አይቶ ይዘጋ ብሎ ይፈርማል፣ እኛም ጨዋችንን እናስገባለን። አንቺንም ሱቁ ውስጥ ሥራ እሰጥሻለሁ፤ አትጎጂም።»

«መጽሐፎቹ አሉ።»

«የት?»

«በየሰዉ ቤት።»

«እንግዲያው ዞረሽ ሰብስቢያቸዋ» አለና ገመዱን እየጠቀለለ ወጣ። ከዚህ የቀለለ ነገር በዓለም ላይ ያለ አልመሰለውም።

አይከል ከተማ ውስጥ ያ ቤት ያልሆነው ነገር የለም። በጣሊያን ጊዜ ቡና ቤት ነበር ይሉታል ሽማግሌዎቹ፤ ከዚያ የእህል ነጋዴ መጋዘን ሆነ፤ አዋጁ ሲወጣ ተወረሰና ለቀበሌው ደረሰ። በመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ጊዜ ከጎንደር የመጡ ተማሪዎች ጎልማሳውን ሁሉ እዚያ ሰብስበው ፊደል አስቆጠሩ፤ ሲሄዱም «እንዳትረሱት፣ አንብቡ» ብለው የመጽሐፍ ሣጥኖቻቸውን ትተው ሄዱ። የሰፈሩ ሰው በደቦ ግድግዳውን መረገ፤ አናጢው መደርደሪያ ሠራ፤ ከቡና ቤቱ የተረፈው ባለ እብነ በረድ ጠረጴዛ ታጥቦ መኻል ቆመ፤ በሩ ላይም «የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት» ተብሎ በቀይ ቀለም ተጻፈ። እንዲህ ብሎ የሚጠራው ግን የለም፤ ሰዉ «መጽሐፍ ቤት» ነው የሚለው።

እታገኘሁ ራሷ ፊደል የለየችው እዚያው ነው። መጀመሪያ የመጣችው ለዕውቀት ጓጉታ አይደለም፤ ከትምህርቱ የቀረ ከሱቁ ስኳር አይሸጥለትም ስለተባለ ነው። ባሏ ሞቷል፤ ልጆቿ አድገው ለሰሊጥ ሥራ ሳንጃ ወርደዋል፤ በዚያ ዕድሜዋ ከሰፈሩ ጎረምሶች ጋር አግዳሚ ላይ ተጣብቆ መቀመጥ ያሳፍራት ነበር። አንድ ቀን ግን ከመተማ የመጣ ማኪና ከፊቷ ሲቆም ግንባሩ ላይ የተጻፈውን «አትቸኩል» የሚል ቃል አነበበችው። ማንም ሳይነግራት አነበበችው። ደስታው አላስችል ብሏት ጮክ ብላ ስትደጋግመው፣ ሾፌሩ የዘለፈችው መስሎት ወርዶ ተጣላት። ከዚያ ወዲህ የጠላ ጋኗን ደፍታ የመጽሐፍ ቤቱ ጠባቂ ሆና ቀረች። ያን ቤት ከገዛ ቤቷ አብልጣ ትወደዋለች፤ ይህን የማያውቅ የሰፈር ሰው የለም።

ችግሩ የጀመረው በሐምሌ ነው። ዝናቡ ሰውን ሁሉ ቤቱ ሲያስቀምጠው መጽሐፍ ተዋሽ በዛ። ገበሬው፣ አንጥረኛው፣ ባለ ጉሊቷ ሳትቀር እየመጡ «ለእኔም አንድ» አሏት። እሷም ስማቸውን እየመዘገበች፣ መጽሐፉን ዝናብ እንዳይነካው በላስቲክ እየጠቀለለች ሰጠች፤ መደርደሪያው በተራቆተ ቁጥር ጮቤ ትረግጥ ነበር። ነሐሴ አለፈ፤ መስከረም ጠባ፤ ጥቅምት ገባ፤ አንድም መጽሐፍ አልተመለሰም። ይባስ ብሎ የተዋሱት ሰዎች ይሸሿት ጀመር። መንገድ ላይ ሲያይዋት ወደ ጓሮ ይታጠፋሉ፤ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ሲያገኟት ከሩቅ እጅ ነሥተው ይሰወራሉ። ሴትዮዋ ክፉ ክፉውን አሰበች። ጉሊት በርበሬ ስትገዛ የተጠቀለለበትን ወረቀት ሳታነብ አትሄድም፤ ከእኔ መጽሐፍ የተገነጠለ ይሆን እያለች።

ሄዳ አትጠይቅም ወይ ለሚል ሰው መልሱ አትችልም ነው። እናቷ ያሳደገቻት «ያዋሱትን መጠየቅ ከልመና ይብሳል» እያለች ነው። አዋሽ ዝም ይላል፣ ተዋሽ ያስብበታል፤ ወጉ ይህ ነው። እታገኘሁ ወንፊቷን ለጎረቤት አውሳ ዓመታት ዝም ብላ፣ በመጨረሻ ሌላ ወንፊት የገዛች ሴት ናት።

ቢሆንም ጨው ሊገባ ነው። ከሰዓት በኋላ ነጠላዋን አጣፍታ ከከተማው ጫፍ ወደ አያ ቢያዝን ቤት ወጣች። አያ ቢያዝን በጓሮው ቀፎ ሰቅሎ የሚኖር፣ በሐምሌ የንብ እርባታውን መጽሐፍ የተዋሰ ሽማግሌ ነው። ስትመጣ ሲያያት ከመቀመጫው በድንጋጤ ተነሣና በርጩማው ተንከባለለ።

ስለ ዝናቡ መውጣት ተጨዋወቱ። ስለ ጤፉ፣ ስለ ጥርሱ ሕመም፣ ስለ አህያው ክፉ ጠባይ አንድ በአንድ አነሡ። ስለ መጽሐፉ ግን ሁለቱም ትንፍሽ አላሉም። እታገኘሁ ዓይኗ በየግድግዳው ሲዞር ቆይቶ፣ ነገሩን ወደ ንብ ብትወስደው ንቡ መጽሐፉን ያስታውሰው ይሆናል ብላ ተስፋ አደረገች።

«ማሩስ ዘንድሮ እንዴት ነው አያ ቢያዝን?»

ሽማግሌው ፊቱ ልውጥውጥ አለ። «ገና ነው ልጄ። አልተቆረጠም። ሸጋ ሁኝና ትንሽ ታገሽኝ።»

ማን ማር ጠየቀው? እታገኘሁ ግራ ገባት። አያ ቢያዝን ከወጉ አልፎ እስከ ዋናው መንገድ ድረስ ሸኛት፤ ሲሰናበታትም ዓይኗን ማየት ተስኖት መሬት መሬቱን እያየ ነው። መጽሐፉን ወንዝ ወስዶት ይሆናል ብላ አዘነች፤ በሰውየው ግን አላዘነችም።

ከዚያ ወደ ወርቅውሃ ቤት አመራች። ወርቅውሃ የልጅነት ጓደኛዋ ናት፤ አብረው ጠላ ሸጠዋል፣ አብረው ፊደል ቆጥረዋል፤ ለመግባባት ወግ አያስፈልጋቸውም። የተዋሰችውም ስለ ሕፃናት አመጋገብ የሚያወራውን መጽሐፍ ነው። ቤቷ ሕፃን የለም፤ የልጇን ሚስት ለመተቸት እንዲመቻት ነው። እታገኘሁ ሳታንኳኳ ስትገባ ሴትዮዋ ጓሮ ነበረች። መደቡ ላይ መጽሐፉ በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ተቀምጧል፤ አጠገቡ ገለባ የተነጠፈበት ሰፌድ አለ፤ በገለባው ላይ እንቁላል።

«ወርቅውሃ፣ ይሄ እንቁላል ምንድን ነው?»

«ያንቺው ነው እኮ» አለች ወርቅውሃ እጇን እየጠረገች ስትገባ። «ያች ዶሮ መጣል አቁማ ከርማ ገና ሰሞኑን ጀመረች። ሞላ ሲልልኝ ላመጣልሽ ነበር።»

«ለእኔ? ስለምን?»

«መጽሐፍሽን ባዶውን ልመልስልሽ ኖሯል? ምን በድለሽኝ?»

እታገኘሁ መደቡ ላይ ዝርፍጥ ብላ ተቀመጠች። በዚያ አገር የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስም። ጎረቤት በሳህን በሶ ቢልክ ሳህኑ ሲመለስ ጭብጥ ሽምብራ ይዞ ነው፤ አገልግል ቢዋሱ ውስጡ ሙልሙል ተደርጎ ነው። ይህ ከእናቷ ጡት ጋር የጠባችው ነገር ነው፤ ግን መጽሐፍም ዕቃ መሆኑ ትዝ ብሏት አያውቅም። ሰዉ መጽሐፉን የወሰደው በሐምሌ፣ ጎተራው በተሟጠጠበት፣ እሸት ባልደረሰበት፣ ዶሮዋ እንኳ በማትጥልበት ወር ነው። ከዚያ ወዲህ ከተማው በሙሉ እያፈረ ሲጠብቅ ኖሯል፤ አንዱ ባቄላው እስኪደርስ፣ አንዱ ላሟ እስክትወልድ፣ አያ ቢያዝን ማሩ እስኪቆረጥ። የሸሿት መጽሐፉን ስላጠፉት አይደለም፤ እጃቸው ባዶ ስለሆነ ነው።

«እኔ ደግሞ በርበሬ ጠቀለላችሁበት ብዬ» አለች፤ መጨረስ አልቻለችም፤ ሳቅ አፈናት።

ወርቅውሃ መጀመሪያ ተቀየመች። ኋላ ግን እታገኘሁ በየጉሊቱ የበርበሬ ወረቀት እየፈታች ስታነብ ታያትና እሷም ሳቀች። ሁለቱም እንባቸው እስኪፈስ ድረስ ሳቁ።

«በይ ባዶውን መልሱ ብዬ ላስነግር» አለች እታገኘሁ ዓይኗን እየጠረገች።

«እንዳታደርጊው። ቤታችሁ ባዶ ነው ማለትሽ እኮ ነው። ሰው ተሰድቦ መጽሐፍ ይመልሳል?»

እውነቷን ነው። ብዙ አወጡ አወረዱ። ደብዳቤ ቢልኩ ክስ ይመስላል፤ በስብሰባ ቢነገር ውርደት ይሆናል፤ ዝም ካሉ ደግሞ ጨው ይገባል። መላ ሳያገኙ ተለያዩ።

በማግሥቱ ቅዳሜ ገበያው ገና ሞቅ ሳይል ጓድ ዳኛው ደረሰ። አቧራ የለበሰ፣ መነጽር ያደረገ፣ ያረጀ የቆዳ ቦርሳ ያንጠለጠለ ቀጭን ሰው ነው። ዓለምነው ከኋላው ሆኖ ስለ ጨው እየነገረው ገቡ። ዳኛው መደርደሪያውን ከላይ እስከ ታች አየውና ቀያዮቹ ጥራዞች ላይ ሲደርስ ቆመ።

«እነዚህስ? ለምን ብቻቸውን ቀሩ?»

«እነሱ ከቤት አይወጡም» አለች እታገኘሁ። «የቤቱ አባወራዎች ናቸው።»

ዓለምነው ትን ብሎት ሳለ። የተቆጣጣሪው ከንፈር ነቃነቅ አለ፤ ይሣቅ ይቆጣ ግን አልታወቀም። አግዳሚው ላይ ተቀመጠና ቤት መዝጋት ደስ የሚለው ሰው አለመሆኑን፣ ሆኖም ያየውን ከመጻፍ በቀር ሥልጣን እንደሌለው በትሕትና ነገራት። ማኪናው ከሰዓት በኋላ ይመለሳል፤ እስከዚያ እዚሁ ቁጭ ብሎ ሪፖርቱን ያዘጋጃል። ውኃም ጠማኝ አለ።

እታገኘሁ ውኃ ላምጣ ብላ ወጣች። ግን እንግዳ በባዶ ውኃ አይስተናገድም፤ ትናንት በጭንቀት ስትዞር ውላ ቤቷ የሚቀመስ ነገር የለም። እግሯ እንደ ልማዱ ወደ ወርቅውሃ ደጅ ወሰዳት።

«አንቺዬ፣ እንግዳ መጥቶብኛል፤ ቤቴ ባዶ ነው።»

ወርቅውሃ ማን ነው፣ ከየት ነው አላለችም። ከመደቡ ብድግ ብላ እንጀራ ከሞሶቡ፣ ወጥ ከድስቱ ማውጣት ጀመረች። እታገኘሁ በሩ ላይ ቆማ አየቻት። የገዛ ቃሏ ዞሮ ጆሮዋ ውስጥ ገባ። እንግዳ መጥቶብኛል፣ ቤቴ ባዶ ነው። በዚህ አገር ይህን የሰማ ጎረቤት ስላለውና ስለሌለው አይጨነቅም፤ ያገኘውን ይዞ ይሮጣል። የባዶ ቤት ኀፍረት የባለቤቲቱ ብቻ አይደለምና፤ የሰፈሩ ሁሉ ነው።

«ምግቡን አንቺ አድርሺለት» አለችና ነጠላዋን ታጥቃ ወደ ገበያው ሮጠች።

ስለ መጽሐፍ አንድ ቃል አልተናገረችም። እህል ተራው ላይ የምታውቃትን ሴት ጠጋ ብላ «መጽሐፍ ቤቱ እንግዳ መጥቶበታል፤ ቤቱም ባዶ ነው» አለቻት። ለአንጥረኛው ነገረችው። ጌሾ ለምትሸጠው ነገረቻት። ከብት ተራ ስትደርስ ወሬው ቀድሟት ደርሷል፤ አንድ የማታውቀው ገበሬ ይህንኑ ቃል ለሌላው ሲናገር ሰማችው። ሰዎች ጭነታቸውን ለጎረቤት አደራ እየሰጡ ወደየቤታቸው ሲያቀኑ አየች። 

መጽሐፍ ቤቱ በር ላይ ስትመለስ ሰልፍ ተጀምሯል። አንጥረኛው የሒሳቡን መጽሐፍ በአንድ እጁ፣ ድንች የሞላበት ቁና በሌላው ይዟል። ጌሾ ሻጯ የጤና አጠባበቁን መጽሐፍ ከአንድ እቅፍ ባቄላ እሸት ጋር አመጣች። ምንም የሌለው ሰው የደጁን ሎሚ ቆርጦ መጣ። ወርቅውሃም እንቁላሏን ሳትረሳ ወጡን ይዛ ደርሳለች። መጽሐፎቹ በጨርቅ፣ በላስቲክ፣ አንዱ በሙሽራ ነጠላ ተጠቅልለው ነበር፤ ያደፈ የለም። እብነ በረዱ ጠረጴዛ እሸትና እንቁላል ሞላው፤ መደርደሪያውም ጣውላው እየተሸፈነ ሄደ። አያ ቢያዝን የመጣው ከንፈሩ አብጦ ነው። የንብ መጽሐፉን በብብቱ ይዞ፣ በቅል ያልደረሰ የማር እሸት አምጥቷል።

«ገና ነበር» አለ በእብጠቱ መኻል እየተኮላተፈ። «ምን ይደረግ፣ እንግዳ አይጠብቅም።»

በዚህ መኻል ጓድ ዓለምነው ሹልክ ብሎ ጠፍቶ ነበር። ሲመለስ ኮቱ ፊት ለፊት አብጧል። ማንም አያየኝም ብሎ ከኮቱ ሥር ወፍራም የፍቅር ልብ ወለድ አወጣና መደርደሪያው ላይ ሻጥ አደረገው፤ የተጠቀለለች ስኳርም ከጎኑ አኖረ። ሁሉም አይቶታል። ደህና ስኳር እስኪያገኝ ይጠብቅ የነበረ ለካ እሱም ነው። እታገኘሁ ስለ እሱ ክብር ስትል ፊቷን ወደ መስኮት አዞረች።

ጓድ ዳኛው ግን አልሣቀም። እንቁላሉንና ድንቹን ሲያይ ቆይቶ ተነሣ፤ ፊቱ ተለዋውጧል።

«መጽሐፉ ለሕዝብ በነፃ የተሰጠ ነው» አለ። «ማነው እዚህ የሚያስከፍለው?»

 በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ጥያቄ ቀልድ አልነበረም፤ «ጉቦ» የሚል ቃል አንዴ ወረቀት ላይ ከሰፈረ ሰው ያሳስራል። እታገኘሁ ወደ ፊት ወጣች። ስለ ሳህኑ፣ ስለ በሶው፣ ስለ ሐምሌው ለማስረዳት ስትሞክር ቃሉ ተዘበራረቀባት። አያ ቢያዝን ያበጠ ከንፈሩን በእጁ ደገፍ አድርጎ ወደ ሰውየው ቀረበ።

«አገርህ ወዴት ነው ልጄ?»

«ደንቢያ።»

«እናትህ የሰው ሳህን ባዶውን ትመልስ ነበር?»

ጓድ ዳኛው መነጽሩን አወለቀ። መስተዋቱን በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው። «አትመልስም ነበር» አለ፤ ድምፁ የተቆጣጣሪ ድምፅ አልነበረም። ተመልሶ ተቀመጠና ባቄላ እሸት ይፈለፍል ጀመር። ወርቅውሃ ወጡን አቀረበች፤ ከማሩም ተቀመሰ። ለጨው የሚያስፈልገው መጽሐፍ ቤት ሳይሆን ጣራ ነው ብሎ አንጥረኛው ሐሳብ አቀረበና፣ በሚመጣው ሳምንት የሱቁን መጋዘን በደቦ ሊከድኑ እዚያው ተስማሙ። ዓለምነውም ደስ አለው፤ መጀመሪያውንም ጠቡ ከዝናቡ ጋር ነበር።

ከተበላ በኋላ ተቆጣጣሪው ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ።

«ቤቱ ይቀጥል ብዬ ልጽፍ ነው» አላት። «አንድ ነገር ግን እጨምራለሁ። ከዛሬ ጀምሮ መጽሐፍ ከዚህ ቤት አይወጣም፤ ማንበብ የፈለገ እዚህ ተቀምጦ ያንብብ። ያኔ ማንም መጥቶ ባዶ ነው አይልዎትም፣ በስጦታም አይከስዎትም። ለእርስዎው ብዬ ነው።»

ሰዉ ሁሉ «ደግ ብለዋል» አለ። እታገኘሁ መደርደሪያውን አየችው። ከሐምሌ ወዲህ እንዲህ ሞልቶ አላየችውም። ሰማያዊው ከአረንጓዴው፣ ቀጭኑ ከወፍራሙ ጎን ቆሞ እንዴት እንደሚያምር። ከእንግዲህ መጨነቅ የለም፣ የበርበሬ ወረቀት መፍታት የለም፤ ጧት ከፍቶ አቧራ መጥረግ፣ ማታ ቆልፎ መሄድ ነው። እሺ ልትል አፏን ከፈተች።

ታየች የምትባል አንዲት ተዋሽ የገባችው በዚያች ቅጽበት ነው። ከወንዙ ማዶ ካለው መንደር ለገበያ የመጣች፣ ልጅ ያዘለች ወጣት ሴት ናት፤ በክረምት ስለ እርጉዞች ጤና የሚናገረውን መጽሐፍ ወስዳ ነበር። ላብ ፊቷን አጥምቆታል። መጽሐፉን በሁለት እጇ አቀረበች፤ አይብ የያዘ ቅልም ከጎኑ አኖረች። ጠርዙ ተበልቷል፤ ገጾቹ ላይ የጣት ምልክት አለ።

«ይቅር በይኝ እትዬ፣ ትንሽ አርጅቷል። ሰንበት ሰንበት ሴቶቹ ይሰበሰቡና እኔ አነብላቸዋለሁ፤ ሥዕሉን ሁሉም ልዳስስ ይላሉ። የከብት በሽታውን መጽሐፍ ትሰጪኛለሽ? ይሄን ጨርሰነዋል።»

ዓለምነው አዲሱን ደንብ በደግነት አስረዳት፤ ከእንግዲህ እየመጣች እዚሁ ተቀምጣ ማንበብ ትችላለች። ታየች የቀለደባት መስሏት ሣቀች። «እኔ እዚህ ተቀምጬ ላሟን ማን ያልባታል?» አለች። የሁሉንም ፊት ስታይ ግን ቀልድ አለመሆኑ ገባት። «እሺ፣ ይሁን» ብላ አዝላው የነበረውን ልጅ ሽቅብ አስተካከለችና ወደ በሩ ዞረች። ያቺ «ይሁን» እታገኘሁን አንጀቷን በላቻት።

«ቆይ» አለቻት።

ወደ መደርደሪያው ሄዳ የከብት በሽታውን መጽሐፍ አወጣች። በቆመበት ቦታ ክፍተት ቀረ። በላስቲክ ጠቀለለችውና ተቆጣጣሪው ፊት ለታየች አስያዘቻት። 

«ጓድ ዳኛው፣ እርስዎ የሚጽፉትን ይጻፉ። ቤቱ ጨው ይግባበት ካሉም ይግባ። እኔ ሰው የማይወስደውን መጽሐፍ ስጠብቅ አልውልም። እነሱ ይበቁኛል» አለች ወደ ቀያዮቹ እያመለከተች።

ዓለምነው ጣራ ጣራውን አየ። ከዋናው መንገድ ወደ ጎንደር የሚመለሰው ማኪና ጥሩምባውን ነፋ። ተቆጣጣሪው ታየችን ስለ መንደሯ ጠየቃት፤ ስንት ሴት እንደሚሰበሰብ፣ እሷ ስትደክም ማን እንደሚያነብ። ሌላ አንባቢ እያስተማረች መሆኑን ነገረችው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ጻፈ፤ ሲጨርስም ጮክ ብሎ አነበበው። «ቤቱ በሥራ ላይ ነው» የሚል ነበር፤ ሌላ ምንም አልጨመረበትም። ፈረመና ቦርሳውን ዘጋ። አያ ቢያዝን የተረፈውን የማር እሸት ከነቅሉ አሸከመው፤ አልቀበልም ቢልም የሚሰማው አላገኘም።

በሩ ላይ ሲደርስ ቆመና ወደ እታገኘሁ ዞረ።

«በመጪው ዓመት የምመጣው በነሐሴ ነው። ያን ጊዜ መደርደሪያውን እንዴት ሆኖ አገኘዋለሁ?»

እታገኘሁ አሰበች። ሙሉ ሆኖ ብትለው ሰውየው ልቡ አርፎ ይሄድ ነበር፤ ዓለምነውም ከኋላ ሆኖ በዓይኑ «እንዲያ በይው» እያላት ነው።

«ባዶ» አለችው፤ ከዚያም ዳግም ለመዋስ በተጀመረው ሰልፍ ፊት የቆመውን አንጥረኛ የትኛውን መጽሐፍ እንደሚፈልግ ጠየቀችው።